ተጠባባቂው ስንት ያወጣል?

ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ቅዳሜ ጠዋት በፓሪስ ጎዳናዎች ላይ የወርቅ ሜዳሊያውን የወሰደው ሰው፣ ከጥቂት ወራት በፊት ለኦሊምፒክ ማራቶን ከተመረጡት ሦስት ኢትዮጵያውያን ወንዶች መካከል አልነበረም። ሦስቱ ሲሳይ ለማ፣ ደሬሳ ገለታ እና ቀነኒሳ በቀለ ነበሩ። ታምራት ቶላ አራተኛ ነበር፤ ተጠባባቂ።

ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ሲሳይ በጉዳት ወጣ፣ ታምራት ገባ። ርቀቱን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ጨርሶ፣ ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ በቤጂንግ 2008 ያስመዘገበውን የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በ6 ሰከንድ አሻሻለ። ቤልጂየማዊው በሽር አብዲ በ21 ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። ኢትዮጵያም ከገዛኸኝ አበራ የሲድኒ ድል በኋላ ለ24 ዓመት የራቃትን የወንዶች ማራቶን ወርቅ መልሳ አገኘች።

በዚያ ሰሞን ስሙን እያነሳ «እውነትም ታምራት!» ያላለ ሰው አልነበረም። ደስታው የሚገባ ነው። ቃሉ ግን አንድ ትልቅ ጉዳይ ሸፍኗል። ተአምር ነው የተባለ ነገር አይጠናም፤ ምስጋና ቀርቦለት ይታለፋል። የፓሪሱ ድል ግን ሊጠና የሚገባው ነው። ምክንያቱም ጥያቄው አንድ ሰው ስለወሰደው ወርቅ ብቻ አይደለም። አንድ አገር ልምድ ያለውንና በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው በምን ሚዛን ትመዝነዋለች? ዋጋውስ ስንት ነው? የሚል ነው።

*የእንጦጦው አራተኛ ሰው*

ነገሩን ለማየት ፓሪስ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ጉለሌ ይበቃል።

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት በማለዳ የወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ትጋት ጎን ለጎን ያያል። ከላይ ወደ ታች የባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ከታች ወደ ላይ ደግሞ ሯጮች። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር የሚያልፈው ይህ ተራራ ለኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሩጫ ከዋነኞቹ የልምምድ ስፍራዎች አንዱ ሆኖ ኖሯል። ኃይሌ ገብረሥላሴን ጨምሮ ብዙ ስመ ጥሮች ሳንባቸውን የሞረዱት እዚህ ጫካ ውስጥ ነው።

ሯጮቹ በቡድን ነው የሚመጡት። መንገደኛው ከመካከላቸው አንዱን ከቴሌቪዥን ያውቀው ይሆናል፤ የሌሎቹን ስም አያውቅም። እነዚያ ሌሎቹ ግን ቁጥር ማሟያ አይደሉም። አንዱ የዝነኛውን ፍጥነት ጠብቆ ከፊት ይመራል። አንዱ ከኋላ እየገፋ እንዳይዘናጋ ያደርገዋል። አንዱ ትናንት ትልቅ ስም የነበረው፣ ዛሬ ዕድሜው 30ዎቹን ያጋመሰ፣ ዳገቱ የት ላይ እንደሚገድልና የት ላይ እንደሚያሳርፍ በእግሩ የሚያውቅ ነው። ይህ የመጨረሻው ሰው ለቡድኑ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያውቁት አብረውት የሚሮጡት ብቻ ናቸው። ስሙ በውጤት ዝርዝር ላይ ስለማይወጣ፣ በዝርዝር የሚመራው ቢሮ አያየውም።

የተጠባባቂ ችግር ከዚህ ይጀምራል። ሥራው የሚታየው ሌላው ሲጎድል ብቻ ነው። ሌላው ካልጎደለ፣ ተጠባባቂው ምንም እንዳልሠራ ይቆጠራል። ጣራ የሚያፈሰው ዝናብ ሲመጣ ነውና፣ በበጋ ጣራ የሚያድስ ሰው ሁልጊዜ ገንዘብ አባካኝ ይመስላል።

*ከአምስቱ ወርቆች ሦስቱ*

ኢትዮጵያ በወንዶች ማራቶን አምስት የኦሊምፒክ ወርቅ አላት። ሮም 1960 እና ቶኪዮ 1964 አበበ ቢቂላ፣ ሜክሲኮ 1968 ማሞ ወልዴ፣ ሲድኒ 2000 ገዛኸኝ አበራ፣ ፓሪስ 2024 ታምራት ቶላ። እነዚህን አምስቱን ከተጠባባቂ ዓይን መልሶ ያየ ሰው የሚያስገርም ነገር ያገኛል።

ከሮም እንነሳ። በዚያ ዘመን በአገር ውስጥ ትልቁ የረጅም ርቀት ስም ሻምበል ዋሚ ቢራቱ ነበር። ዋሚ ሮም ላይ አልሮጠም፤ አበበ ሮጠ። ስለ ምክንያቱ የሚነገረው አንድ ዓይነት አይደለም። እግር ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ነው የሚል አለ። ታሞ ነው የሚል አለ። አበበ ድሮውንም ከተመራጮቹ አንዱ ነበር፣ በመጨረሻ ሰዓት ገባ የሚባለው ተረት ነው የሚልም አለ። ከሁሉም የሚተርፈው እውነት ግን አንድ ነው፦ ዋናው ስም ሲጎድል ቡድኑ ባዶ አልሆነም። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ያዘጋጃቸው ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ አበበ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ወጣ።

ሜክሲኮ ላይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ዓለም ሁሉ የሚጠብቀው የአበበን ሦስተኛ ወርቅ ነበር። አበበ ግን እግሩ ተጎድቶ ነበርና 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ቡድኑን የተረከበው ማሞ ወልዴ ነው። ማሞ ያኔ ጀማሪ አልነበረም፤ ዕድሜው 36 ነበር። ሜልበርን 1956 ላይ፣ አበበ በዓለም ሳይታወቅ፣ ኢትዮጵያን ወክሎ በመካከለኛ ርቀት ሮጧል። 12 ዓመት በሌላ ሰው ጥላ ሥር የቆየ ነባር ነው። ጃፓናዊውን ኬንጂ ኪሚሃራን ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ። ከአራት ዓመት በኋላ በሙኒክ፣ በ40 ዓመቱ፣ ነሐስ ጨመረበት።

እንግዲህ የሮሙ ተረት ነው ቢባል እንኳ ሜክሲኮና ፓሪስ ይቀራሉ። የሮሙ እውነት ነው ከተባለ ደግሞ ከአምስቱ ሦስቱ። ይህን የሚያህል ታሪክ ያለው አገር ተጠባባቂን የወረቀት ማሟያ አድርጎ ሊያየው አይገባም ነበር።

*ሰዓት ብቻውን ሲመርጥ*

ሌላኛውን ገጽ ደግሞ ለንደን 2012 ያሳያል።

በዚያ ዓመት የወንዶቹ ቡድን በወረቀት ሲታይ የሚያስፈራ ነበር። አየለ አብሽሮ ዱባይ ላይ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ አሸንፏል። ዲኖ ሰፊር በዚያው ውድድር 2፡04፡50 ሮጧል። ጌቱ ፈለቀ ሮተርዳም ላይ ያው 2፡04፡50። ሦስት ሰዎች፣ ሦስቱም ከ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ በታች። ሰዓት ብቻ ቢሮጥ ኖሮ ወርቁም ብሩም የኢትዮጵያ ነበር።

ነሐሴ 6 ቀን 2004 ዓ.ም. ሦስቱም አቋረጡ። አንድም ኢትዮጵያዊ ወንድ የመጨረሻውን መስመር አላለፈም። ወርቁን የወሰደው ከኡጋንዳ የመጣው ስቴፈን ኪፕሮቲች ነው።

በዚያው ጊዜ ከቡድኑ ውጭ የቀረ አንድ ሰው ነበር፤ ፀጋዬ ከበደ። ቤጂንግ 2008 የኦሊምፒክ ነሐስ፣ በርሊን 2009 የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ። በሙቀት፣ ያለ አሯሯጭ፣ በተንኮል በተሞላ የሻምፒዮና ሩጫ ሁለት ጊዜ ሜዳሊያ ይዞ የተመለሰ። ከለንደን ስምንት ሳምንት በኋላ ቺካጎን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ አሸነፈ። ለንደን ላይ ቢሮጥ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ማንም ሊመልሰው አይችልም። ሊመለስ የሚችለው ጥያቄ ሌላ ነው። የምርጫው ሚዛን የሻምፒዮና ልምድን ስንት ግራም አድርጎ መዘነው?

ቶኪዮም ተደገመ። ነሐሴ 2 ቀን 2013 ዓ.ም. ሳፖሮ ከተማ ላይ ሹራ ኪታታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ ሦስቱም አቋረጡ። በዚህ ጊዜ ምርጫው የተካሄደው ሰበታ ላይ በተደረገ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ሌሊሳ ደግሞ የዓለም ሻምፒዮን ነበር። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በሰዓት ላይ መጫን አይቻልም። ውድድር መሐል ለሚያቋርጥ ሰውም ተጠባባቂ መፍትሔ አይሆንም። ተጠባባቂ መግባት የሚችለው ከመነሻው በፊት ነው። ከሁለቱ ኦሊምፒኮች የሚወጣው ትምህርት ግን ይህ ነው፦ በማራቶን በግንቦት የተጻፈ ስም በነሐሴ ለሚቆም እግር ዋስትና አይሆንም። በመካከሉ ያሉት ሳምንታት ባለቤት ይፈልጋሉ።

*የታምራት ዋጋ ከምን ተሠራ?*

ወደ ፓሪስ እንመለስ። ታምራት በተጠባባቂነት ሲያዝ ማን ነበር?

ሪዮ 2016 በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ። ለንደን 2017 በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ብር። ኦሪገን 2022 በዓለም ሻምፒዮና ወርቅ፣ በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ፣ በሻምፒዮናው ክብረ ወሰን። ኅዳር 2023 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ፣ በቦታው ክብረ ወሰን።

የኒውዮርኩ መስመር ልብ ይባልልን። ኒውዮርክ ድልድይና ዳገት የበዛበት፣ አሯሯጭ የማይቀጠርበት ውድድር ነው። የፓሪሱ ማራቶን ደግሞ በኦሊምፒክ ታሪክ ከከባዶቹ አንዱ ተብሎ የተነገረለት፣ ድምር ዳገቱ 436 ሜትር የሚደርስ፣ ከ28ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ግድግዳ የመሰለ አቀበት ያለው መንገድ ነበር። ታምራት ተፎካካሪዎቹን ጥሎ የሄደውም እዚያ አካባቢ ነው። ከዘጠኝ ወር በፊት ኒውዮርክ ላይ ዳገት ላይ ክብረ ወሰን የሰበረ ሰው ፓሪስ ላይ ዳገት ላይ ክብረ ወሰን ሰበረ። ይህ ተአምር አይደለም፤ የተጻፈ ማስረጃ ነው።

ታዲያ ለምን አራተኛ ሆነ? ሌሎቹ በቅርብ ያሳዩት ነገር ስለነበር ነው። ሲሳይ በቫሌንሲያ 2፡01፡48 ሮጦ፣ ቀጥሎ ቦስተንን አሸንፏል። ቀነኒሳ በ41 ዓመቱ ለንደን ላይ በ2፡04፡15 ሁለተኛ ወጥቷል። ደሬሳም በፓሪስ አምስተኛ ወጥቶ ቦታው እንደሚገባው አሳይቷል። መራጮቹ ከጥሩዎች መካከል ነው የመረጡት። ዝርዝሩን ያወጣው ሰው ደንቆሮ ነው ማለት ከድል በኋላ የሚመጣ ርካሽ ጀግንነት ነው። ስህተቱ የስም ሳይሆን የጥያቄ ነው። «ማን ፈጣን ነው?» ተብሎ ተጠየቀ፤ «ለዚህ መንገድ ማን ይሆናል?» የሚለው ሁለተኛ ሆነ።

ከታምራት ዋጋ ሁለተኛው ክፍል ዝግጅቱ ነው። ተጠባባቂ ሆኖ መዘጋጀት ዋና ሆኖ ከመዘጋጀት ይከብዳል። የማራቶን ሰው በዓመት ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው የሚሮጠው። እያንዳንዱ ዝግጅት ሦስት ወር ገደማ ይበላል። ለነሐሴ የተዘጋጀ ሰው ለመስከረምና ለጥቅምት ትልልቅ ውድድሮች ጊዜው ይጠበዋል። ዋናው ተመራጭ ይህን መሥዋዕት ሲከፍል ቢያንስ መነሻው ላይ እንደሚቆም ያውቃል። ተጠባባቂው በሳምንት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሮጠ፣ መነሻው ላይ መቆሙን አያውቅም። በፓሪስ የዓለም አትሌቲክስ ለወርቅ አሸናፊ 50 ሺህ ዶላር ከፍሏል። ሳይሮጥ የቀረ ተጠባባቂ ከዚያ ላይ አንድ ሳንቲም የለውም። ታምራት ግን ጥሪው ሲመጣ ዝግጁ ነበር። ሰውነቱ ዝግጁ ካልሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማራቶን የሚያዘጋጅ አሠልጣኝ በዓለም ላይ የለም።

ሦስተኛው ክፍል የታምራት አይደለም፤ የሲሳይ ነው። ታምራት ራሱ ካሸነፈ በኋላ ሲሳይ ቦታውን እንደለቀቀለት ተናግሮ አመስግኖታል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለአንድ ሯጭ ኦሊምፒክ በሕይወት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚመጣ ነገር ነው። ጉዳቱን ደብቆ፣ መርፌ ተወግቶ፣ «እስከሚቻለኝ» ብሎ መነሻው ላይ የሚቆም ሰው ብዙ ነው። ማንም አይፈርድበትም። ሲሳይ ግን «አልችልም» አለ፤ ያውም በጊዜ። ተጠባባቂ የሚሠራው ዋናው እውነቱን ሲናገር ብቻ ነው። የወርቁ ግማሽ ያ «አልችልም» የሚለው ቃል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

*ሌላው ዓለም እንዴት ይመዝናል?*

በአሜሪካ የእግር ኳስ ሊግ አንድ ቡድን 53 ተጫዋቾች ይይዛል። እዚያ ኳስ ታቅፎ የሚሮጠው ተጫዋች ሰውነቱ ቶሎ ያልቃል፤ 30 ዓመት ከሞላው አርጅቷል ይባላል። ሆኖም ቡድኖች በዚያ ቦታ ላይ አንድ ነባር ተጠባባቂ ማስቀመጥ ይወዳሉ። የሮጠው ርቀት ሲቆጠር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚከፈለው ለሌላ ነገር ነው። የቡድኑን ኳስ አቀባይ ከሚመጣበት ግፊያ መከላከል ያውቃል፣ የጨዋታ ዕቅዱን በቃሉ ይዟል፣ ወጣቱን ያስተምራል፣ ዋናው ሲወድቅ ሳይደናገጥ ይገባል። ሊጉም ነባር ተጫዋች በዝቅተኛው ደመወዝ ሲቀጠር ሙሉው ክፍያ ከቡድኑ የደመወዝ ጣሪያ ላይ እንዳይቆጠር የሚያደርግ ደንብ አውጥቷል። ማለትም ልምድ በገበያው ላይ እንዳይጠፋ ሆን ተብሎ ቦታ ተበጅቶለታል። በየካቲት 2018 (እ.ኤ.አ.) ፊላደልፊያ የሊጉን የመጨረሻ ዋንጫ ያነሳው በተጠባባቂው ኒክ ፎልስ እየተመራ ነው። ዋናው ካርሰን ዌንትዝ ታኅሣሥ ላይ ተጎድቶ ነበር።

በአገር ቤትም ትዝታ አለ። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ሲገጥሙ፣ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በ35ኛው ደቂቃ ገደማ ቀይ ካርድ አየ። ዘሪሁን ታደለ ከተቀያሪ ወንበር ተነስቶ ገባ። አሥር ሰው የቀረው ቡድን አንድ ግብ ቢቆጠርበትም በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጣ። በሦስተኛው ጨዋታ ናይጄሪያ ላይ ደግሞ ሲሳይ ባንጫ መጨረሻ ላይ በቀይ ወጣ፤ ቅያሪ አልቆ ነበርና አማካዩ አዲስ ህንጻ ጓንት አጥልቆ በረኛ ሆነ። ያን ቀን ያየ ሰው ተጠባባቂ ያለው ቡድንና ተጠባባቂ ያለቀበት ቡድን ምን እንደሚለያዩ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

*ተቃውሞው እውነት አለው*

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሱት መከራከሪያዎች ቀላል አይደሉም።

የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። ነባር ይከበር ማለት ወጣቱን በር ላይ ማስቆም አይሆንም ወይ? መልሱ በዚያው በፓሪስ ጎዳና ላይ ነው። የ42 ዓመቱ ቀነኒሳ 39ኛ ወጣ። የ39 ዓመቱ ኤሊውድ ኪፕቾጌ አቋረጠ። ሁለቱም በሩጫ ታሪክ ከታላላቆቹ መካከል ናቸው። ታላቅነት ግን ዳገት አይወጣም። ስለዚህ እየተባለ ያለው ስም ይመረጥ አይደለም። ልምድ ይመዘን ነው፤ ሁለቱ ይለያያሉ። ታምራት በውድድሩ ዕለት 33 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ነበር የቀረው። ነባር ነው፤ ግን ያላለቀ ነባር። ያላለቀውን ካለቀው የሚለየው የልደት ወረቀት ሳይሆን የቅርብ ወራት ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው ዕድል ነው። አንድ ታምራት ስላሸነፈ ተጠባባቂ ሁሉ ወርቅ ነው ወይ? አይደለም። ታምራት ራሱ በቡዳፔስት 2023 የዓለም ሻምፒዮና ላይ ዋና ተመራጭ ሆኖ ሄዶ አቋርጧል። ደግሞም እንደ ታምራት ያለ የዓለም ሻምፒዮን ሁልጊዜ በአራተኛ ቦታ አይገኝም። ብዙ ተጠባባቂዎች ሦስት ወር ተዘጋጅተው፣ ሳይጠሩ፣ ስማቸው ሳይነሳ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ይህ መከራከሪያ ግን የተጠባባቂን ዋጋ አይቀንስም፤ ይልቁንም ትክክለኛውን የክፍያ ዓይነት ያሳያል። የእሳት አደጋ ሠራተኛ በሠፈሩ እሳት ባልተነሳበት ወር ደመወዙ አይቆረጥም። የሚከፈለው ለእሳቱ ሳይሆን ለዝግጁነቱ ነውና።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። ፌዴሬሽኑ የዋናዎቹን ወጪ መሸፈን ሲያቅተው የተጠባባቂ ከየት ያመጣል? እውነተኛ ጥያቄ ነው። ግን ሒሳቡ ሙሉ ይሁን። በፓሪስ ኢትዮጵያ ያገኘችው ሜዳሊያ አራት ነው፤ አንድ ወርቅና ሦስት ብር። ያቺ አንዲት ወርቅ የተጠባባቂው ናት። እሷ ብትወጣ ልዑካኑ ያለ ወርቅ ይመለስ ነበር።

*ምን ይደረግ?*

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን አዲስ አመራር መርጧል፤ ፕሬዚዳንቱ ስለሺ ስኅን ነው። ስለሺ በአቴንስና በቤጂንግ በ10 ሺህ ሜትር ሁለት የኦሊምፒክ ብር ያገኘ፣ በቀነኒሳ ዘመን ሁለተኛ መሆን ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ነው። ይህን ጉዳይ ለማስረዳት ከእሱ የተሻለ ሰሚ አይገኝም። የሎስ አንጀለስ 2028 ዝርዝር ከመውጣቱ በፊት አራት ነገሮች በጽሑፍ ቢሰፍሩ ይበቃል።

አንደኛ፣ ተጠባባቂ በተራ ቁጥር አይመረጥ። አራተኛው ፈጣን ሰው ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ለዚያ መንገድ፣ ለዚያ አየርና ለሻምፒዮና ሩጫ ስለሚሆን ይመረጥ። ሦስቱ በሰዓት ቢመረጡ እንኳ አራተኛው በልምድ ይመረጥ። ይህ ብቻውን ቡድኑን ሚዛናዊ ያደርገዋል።

ሁለተኛ፣ ዝግጁነቱ ይከፈለው። ስንት የሚለው የፌዴሬሽኑ ሒሳብ ነው። መርሁ ግን ግልጽ ይሁን፤ ከዋናዎቹ ጋር እኩል የልምምድ፣ የሕክምናና የጉዞ ድጋፍ፣ እንዲሁም ላልሮጠው ውድድር የተወሰነ ካሳ።

ሦስተኛ፣ የመጨረሻው የጤንነት ማረጋገጫ ቀን አስቀድሞ ይታወቅ። ሦስቱም ዋናዎች በዚያ ቀን በሐኪምና በልምምድ ውጤት ይታዩ። ቀኑ ከታወቀ ተጠባባቂውም እስከ መቼ እንደሚጠብቅ ያውቃል፤ ካልተጠራም ወደ ራሱ ውድድር በጊዜ ይመለሳል።

አራተኛ፣ እውነት የተናገረ አይቀጣ። ጉዳቱን በጊዜ ያሳወቀ ዋና ተመራጭ የዝግጅት ድጋፉና የቡድን አባልነት ክብሩ ይጠበቅለት። ቦታ መልቀቅ ሁሉን ማጣት ከሆነ ማንም አይለቅም፤ ሲሳይ ያደረገውን ከሌላው መጠበቅም የዋህነት ይሆናል። ደንብ የሚወጣው ለጨዋ ሰው አይደለም። ጨዋነቱ ለሚከብደው ሰው ነው።

እነዚህ አራቱ ስታዲየም መሥራት አይጠይቁም። አዲስ በጀትም ቢሆን ብዙ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ተጠባባቂን እንደ ሥራ ማየት ነው።

ነገም በማለዳ ከሽሮ ሜዳ በላይ ባለው ዳገት ላይ ሯጮች ይወጣሉ። ከፊት የሚመራውን ሁሉም ያውቀዋል። አራተኛው ላይ ያለውን ግን ከአብሮ አደጎቹ በቀር የሚያውቀው የለም። ምናልባት የእሱ ቀን ፈጽሞ አይመጣም፤ ምናልባት ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስልኩ ይጠራል። ሲጠራ ዝግጁ ሆኖ መገኘቱ የእሱ ድርሻ ነው። እስኪጠራ ድረስ ዝግጁ ሆኖ መቆየት እንዲችል ማድረግ ግን የእሱ ብቻ ድርሻ ሊሆን አይገባም።